የረግረጋማ መሬትና የከተማ ማስፋፊያ ወሰን አወሳሰን፦ ለኡኬና ለወለጋ ከተሞች የተዘጋጀ የሥራ መመሪያ

ኡኬ በምሥራቅ ወለጋ ዞን በጉቶ ጊዳ ወረዳ፣ ከነቀምቴ ወደ ቡሬ በሚያልፈው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ ከነቀምቴ ከፍታ የሚወርደው የክረምት ውሃ በሸለቆው ለጥ ያሉ ስፍራዎች ላይ እየዘገየ ወደ አንገር ወንዝ፣ ከአንገርም ወደ ዴዴሳና ወደ ዓባይ ይሄዳል። ውሃው በሚዘገይባቸው ስፍራዎች የሚፈጠረውና በአካባቢው ጨፌ የሚባለው ረግረጋማ መሬት በበጋ ሲደርቅ ለቤት መሥሪያ የተመቸ ሜዳ ስለሚመስል፣ የወለጋ ከተሞች በሰፉ ቁጥር ቀያሹን፣ የማዘጋጃ ቤቱን ባለሙያ፣ የቀበሌውን አመራርና ቦታ የተመራውን ነዋሪ ያው አንድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል፤ ጨፌው የት ያልቃል፣ የቤት መሥሪያውስ ከየት ይጀምራል? ይህ መመሪያ ጥያቄውን በመስክ ምርመራና በካርታ ለመመለስ የሚያስፈልጉትን ደረጃዎች፣ መሣሪያዎችና ጥንቃቄዎች በቅደም ተከተል ያቀርባል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት መጨበጥ ያለበት ፍሬ ነገር በካርታው ላይ የሚሰመሩት መስመሮች ሁለት መሆናቸው ነው። አንደኛው የተፈጥሮ ጠርዝ ሲሆን፣ ይህም ውሃው፣ አፈሩና ዕፅዋቱ የረግረግነት ጠባይ ማሳየት የሚያቆሙበት መስመር ነው። ሁለተኛው የጥበቃ ወሰን ሲሆን፣ ከተፈጥሮ ጠርዙ ወደ ውጭ የተወሰነ ርቀት ተትቶ ግንባታ እንዳያልፈው በአስተዳደር የሚጸና መስመር ነው። የመጀመሪያው በምርመራ ይገኛል፤ ሁለተኛው በውሳኔ ይቆማል። ሁለቱ እንደ አንድ ተቆጥረው ሲሰመሩ ባለሙያው ያላየውን ጠርዝ አየሁ ለማለት፣ አስተዳደሩም የራሱን ውሳኔ በተፈጥሮ ለማላከክ ይገደዳሉ፤ ነዋሪውም በየትኛው ላይ አቤቱታ እንደሚያቀርብ ሳያውቅ ይቀራል።

1ኛ ደረጃ፦ ሥልጣንን ማረጋገጥና ቡድን ማዋቀር

የከተማ ጠርዝ ላይ ያለ መሬት ብዙ ጊዜ በሁለት መሥሪያ ቤቶች መካከል ይወድቃል፤ በከተማው ክልል ውስጥ ያለውን የከተማው የመሬት አስተዳደር ሲይዘው፣ ከክልሉ ውጭ ያለውን የአርሶ አደር ይዞታ ግን የወረዳው የገጠር መሬት አስተዳደር ይመራዋል። ገጠሩ የሚመራው በገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 እና በክልላዊ መንግሥቱ ሕግ፣ ከተማው ደግሞ በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 በመሆኑ፣ ቡድኑ ከሁለቱም መሥሪያ ቤቶች በጽሑፍ የተሰጠ ደብዳቤ ሳይዝ መስክ መውጣት የለበትም። የተለመደው ስሕተት ማዘጋጃ ቤቱ ብቻውን ወጥቶ መለካቱ ሲሆን፣ መስመሩ የከተማውን ክልል ባለፈበት ቦታ ሁሉ ልኬቱ ተቀባይነት ያጣል።

በቡድኑ ውስጥ ቢያንስ ቀያሽ፣ የከተማ ፕላን ባለሙያ፣ የአፈርና የዕፅዋት ዕውቀት ያለው የግብርና ወይም የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ እንዲሁም ስፍራውን የሚያውቁ የቀበሌው ሽማግሌዎች ይኑሩ። ቡድኑ አስቀድሞ የሚመልሰው ጥያቄ ጨፌው በሕግ የተከለለ መሆን አለመሆኑን ነው። በቄለም ወለጋ እንደሚገኘው እንደ ዳቲ ወለል ብሔራዊ ፓርክ በሕግ ለተከለለ ስፍራ በሰነድ የታወቀው ወሰን መነሻ ስለሚሆን ቡድኑ ሊያሸሸው ወይም ሊያጠበው አይችልም፤ ጨፌው የወል ግጦሽ ወይም የግለሰብ ይዞታ ብቻ ከሆነ ግን የሚሰመረው መስመር በሚመለከተው ምክር ቤት እስኪጸድቅ ድረስ ምክረ ሐሳብ እንጂ ሕግ አለመሆኑ በካርታው ላይ በግልጽ ይጻፍ።

2ኛ ደረጃ፦ ያሉትን ካርታዎች ሰብስቦ በአንድ የመለኪያ ሥርዓት ማስታረቅ

ለሥራው የሚያስፈልጉት የከተማው መዋቅራዊ ፕላን፣ የሽንሻኖ ካርታዎች፣ የአርሶ አደሮች የይዞታ ልኬትና በ1፡50,000 ልኬት የታተመው የመሬት ገጽታ ካርታ ሲሆኑ፣ የመጨረሻው ከስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ይጠየቃል። እነዚህ ሰነዶች በየጊዜውና በየመሥሪያ ቤቱ የተዘጋጁ በመሆናቸው፣ አንዱ በሌላው ላይ ከመነጠፉ በፊት ሁለት ነገሮች ይመርመሩ።

አንደኛው የዩቲኤም ቀጠና ነው። ዩቲኤም የምድርን ገጽ እያንዳንዳቸው 6 ዲግሪ ስፋት ባላቸው ቀጠናዎች ከፋፍሎ አቀማመጥን በሜትር የሚገልጽ ሥርዓት ሲሆን፣ 36ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ወለጋን ለሁለት ይከፍላል፤ ነቀምቴ፣ ኡኬና ሻምቡ በ37 ሰሜን ቀጠና ሲውሉ፣ ጊምቢ፣ ነጆና ደምቢ ዶሎ በ36 ሰሜን ቀጠና ይውላሉ። በዞን ደረጃ የተሰበሰበ መረጃ የሁለቱን ቀጠናዎች ቁጥሮች ደባልቆ ሊይዝ ስለሚችል፣ እያንዳንዱ ፋይል የተመዘገበበት ቀጠና ይጻፍበት።

ሁለተኛው ዳተም ሲሆን፣ ይህም የምድርን ቅርጽ ለልኬት መነሻ አድርጎ የሚወስድ ስሌት ነው። ነባሮቹ የ1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው ዳተም ሲሆን፣ ጂፒኤስና የሳተላይት ምስሎች ግን በደብሊው ጂ ኤስ 84 ይሠራሉ፤ በሁለቱ መካከል በኢትዮጵያ 200 ሜትር ያህል ልዩነት አለ። የቀጠና ስሕተት መስመሩን በመቶዎች ኪሎ ሜትር አርቆ ስለሚጥለው ወዲያው ይታወቃል፤ የዳተም ስሕተት ግን ጨፌውን ወደ ጎረቤት መንደር ብቻ ስለሚያሸሸው ሳይስተዋል ሊጸድቅ ይችላል፤ የበለጠ የሚያሠጋውም ለዚሁ ነው። መከላከያው በካርታውም በመሬቱም ላይ በግልጽ የሚታዩ ሦስት ወይም አራት ቋሚ ነጥቦችን፣ ለምሳሌ ድልድይን ወይም የመንገድ መገናኛን፣ በጂፒኤስ ለክቶ ማነጻጸር ነው።

3ኛ ደረጃ፦ በቢሮ ውስጥ ረቂቅ መስመር ማዘጋጀት

ረቂቁ መስመር መስክ ላይ የት የት መመርመር እንዳለበት ይጠቁማል እንጂ ጠርዙን አይወስንም። ለዚህ በነጻ የሚገኙት የሴንቲኔል 2 ምስሎችና ኪው ጂአይኤስ የተባለው ነጻ የካርታ ፕሮግራም ይበቃሉ። ቢያንስ ሁለት ምስሎች ይመረጡ፤ አንዱ ክረምቱ ሲያበቃ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት የተነሣ፣ ሌላው በየካቲት ወይም በመጋቢት የተነሣ ይሁን። በጥቅምት ውሃ ወይም ለምለም ሣር፣ በመጋቢት ደግሞ ደረቅ ሜዳ ሆኖ የሚታየው ቀለበት ክርክር የሚነሣበት ክፍል ስለሆነ፣ የመስክ ሥራው ትኩረት እዚያ ላይ ይደረጋል። በክረምቱ እምብርት የወለጋ ሰማይ በደመና ስለሚሸፈን፣ በዚያ ወቅት ደመናን አልፎ የሚያየው የሴንቲኔል 1 የራዳር ምስል ይረዳል።

የሴንቲኔል 2 ምስል ትንሿ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። አንድ የ200 ካሬ ሜትር ቦታ 10 ሜትር በ20 ሜትር ሊሆን ስለሚችል፣ የአንዲት ነጥብ ስሕተት የአንድን ቤተሰብ ቦታ ሙሉ ወርድ ይወስዳል፤ ከሳተላይት ብቻ የተቀዳ መስመር ለሽንሻኖ ሊውል የማይገባውም ለዚህ ነው። በድሮን የሚነሣ ምስል ይህን ክፍተት ሊሞላ ቢችልም፣ ድሮን ከሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት ፈቃድ ሳይገኝ አይነሣ።

4ኛ ደረጃ፦ ወቅት መምረጥና የመመርመሪያ መስመሮችን መዘርጋት

የመጀመሪያው የመስክ ጉዞ ዝናቡ ጋብ ሲልና ውሃው ገና ሳይሸሽ፣ ሁለተኛው ደግሞ በበጋው ማብቂያ ይደረግ። በአንድ ጉዞ መወሰን ግድ ከሆነ የክረምቱ ማብቂያ ይመረጥ፤ በበጋ ብቻ የተለካ ጨፌ ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ስፋቱ አንሶ ይገኛል፤ በማነሱም የሚጎዳው በቀጣዩ ክረምት ቤቱ ውስጥ ውሃ የሚገባበት ነዋሪ ነው።

ከደረቁ ዳገት ተነሥቶ ወደ ጨፌው መካከል የሚወርድ ቀጥ ያለ የመመርመሪያ መስመር በየ50 ወይም በየ100 ሜትሩ ይዘርጋ፤ ግንባታ በተቃረበበት በኩል መስመሮቹ ይቀራረቡ፣ እርሻ ወይም ግጦሽ ብቻ ባለበት በኩል ይራራቁ። መስመሩ ቁልቁለቱን ተከትሎ እንጂ ወደ ጎን መሄድ የለበትም፤ የርጥበት ለውጥ የሚታየው ከላይ ወደ ታች በሚደረግ ጉዞ ነውና። ቦት ጫማ፣ ዶማና አካፋ፣ የሜትር ገመድ፣ ችካል፣ የመዝገብ ቅጽና ካሜራ አስፈላጊ ናቸው፤ በአንገርና በዴዴሳ ሸለቆዎች ወባ ስለሚያሠጋ በዚህ ረገድም መዘጋጀት ይገባል።

5ኛ ደረጃ፦ ሦስቱን ምስክሮች ማንበብ

የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የመሐንዲሶች ጓድ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው መመሪያ አንድ ስፍራ ረግረግ ለመባል የዕፅዋት፣ የአፈርና የውሃ ማስረጃ በአንድነት እንዲገኝበት የሚጠይቅ ሲሆን፣ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው የመስክ መመሪያ ደግሞ ረግረግን ሁልጊዜ ርጥብ፣ በየወቅቱ ርጥብና ለአጭር ጊዜ ርጥብ በሆኑ ሦስት ቀለበቶች ይከፍለዋል። ለወለጋ ጨፌዎች ሁለቱን አዋሕዶ መጠቀም ይቻላል፤ ጠርዙ የሚያርፈውም በሦስተኛው ቀለበት ውጫዊ ጫፍ ላይ ነው።

ሀ. ዕፅዋት። ደንገል፣ ፊላ፣ ሸምበቆና ቀጤማ የሚበዙበት ስፍራ አብዛኛውን ጊዜ ርጥብ ነው። በየመመርመሪያ ነጥቡ በጥቂት ሜትር ዙሪያ ካለው ሽፋን ከግማሽ በላይ የሆነው ውሃ ወዳድ ዕፅዋት መሆኑ ይመዝገብ። ይሁን እንጂ ጨፌው በከብት የተጋጠ፣ የታረሰ ወይም ባሕር ዛፍ የተተከለበት ከሆነ የዕፅዋቱ ምስክርነት ይጎድላል። በምዕራብ ኢትዮጵያ ጨፌን በቦይ አጠንፍፎ በበጋ በቆሎ መዝራት የተለመደ በመሆኑ፣ በቆሎ የበቀለበት ሁሉ ደረቅ መሬት ነው ብሎ መደምደም ከሁሉ የሚደጋገመው ስሕተት ነው።

ለ. አፈር። በየነጥቡ 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ተቆፍሮ የአፈሩ ቀለም ይታይ። አፈር ለረጅም ጊዜ በውሃ ሲሞላ አየር ያጣል፣ በውስጡ ያለው ብረትም ሟሙቶ ይታጠባል፤ ስለዚህ አፈሩ ግራጫ ወይም አመድማ ይሆናል። ሥር ባለፈበትና ጥቂት አየር በገባበት በኩል ደግሞ ብረቱ ተመልሶ ስለሚዝግ ቡናማና ብርቱካንማ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ግራጫና ዝገትማ ቀለም በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ሲገኙ፣ ስፍራው በዕለቱ ደረቅ ቢሆንም እንኳ ውሃ በየዓመቱ የሚጎበኘው ነው። ዕፅዋቱ ከተነቀለና ውሃው በቦይ ከወጣ በኋላም ይህ ምልክት ለረጅም ዓመታት ስለማይጠፋ፣ ለታረሰ ጨፌ ከሁሉ የሚታመነው ምስክር አፈር ነው።

በወለጋ ሁለት ማሳሳቻዎች አሉ። ከዳገቱ በጎርፍ ታጥቦ የሚወርደው ቀይ አፈር የጨፌውን ዳርቻ ሊሸፍነው ስለሚችል ላዩን ብቻ ያየ ሰው ደረቅ ነው ብሎ ያልፋል፤ ቀዩን ንብርብር አልፎ የቆፈረ ግን ግራጫውን ያገኘዋል። በሌላ በኩል የጥቁር ዋልካ አፈር ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውሃ ላዩ ላይ ስለሚያቁር፣ ያቆረ ውሃ ታይቶ ብቻ ስፍራው ጨፌ አይባልም፤ ውሃው ለሳምንታት መቆየቱና ከሥሩ ያለው አፈር ምልክት ማሳየቱ ይረጋገጥ።

ሐ. ውሃ። በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ውሃ በስንት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እንደቆመ ጥቂት ከተቆየ በኋላ ይለካ፤ በግንድ ላይ የቀረ የውሃ መስመር፣ በሣር ላይ የተጋገረ ደለልና ጎርፍ የጎተተው ግርድ ይመዝገቡ። ይሁንና ውሃ በወቅትና በዓመት ስለሚለዋወጥ፣ ሌሎቹ ሁለት ምስክሮች ሳይደግፉት ብቻውን ጠርዝ ሊወስን አይገባም።

6ኛ ደረጃ፦ የነዋሪዎችን ዕውቀት በሥርዓት መሰብሰብ

ከባድ ዝናብ በዘነበበት ዓመት ውሃው እስከ የት እንደደረሰ ከሁሉ በላይ የሚያውቁት በዙሪያው የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሽማግሌዎች የወል ግጦሹን ወሰን፣ ከብት ጠባቂዎች ከብት የሚሰምጥበትን ስፍራ፣ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች በበጋ የማይደርቀውን ምንጭ ማመልከት ይችላሉ። ጥያቄው በቢሮ ሳይሆን በስፍራው ላይ እየተሄደ ይጠየቅ፤ የተመለከተው ነጥብ ወዲያው በጂፒኤስ ይያዝ፤ ቃለ ጉባኤውም በአፋን ኦሮሞ ለተሳታፊዎቹ ተነቦላቸው ይፈረም። በመስመሩ ጥቅም ያለው ሰው ምስክርነት የተዛባ ሊሆን ስለሚችል፣ እያንዳንዱ ነጥብ እርስ በርስ ሳይመካከሩ በተጠየቁ ሰዎች ቃልና በአፈሩ ምልክት ይመሳከር።

7ኛ ደረጃ፦ የተፈጥሮ ጠርዙን መለካትና መመዝገብ

በእያንዳንዱ የመመርመሪያ መስመር ላይ ምልክቶቹ የሚያበቁበት ነጥብ በችካል ምልክት ይደረግበትና ይለካ። ተራ የእጅ ጂፒኤስና ስልክ ሰማይ በተገለጠበት ቦታ ከ3 እስከ 5 ሜትር ሊሳሳቱ ይችላሉ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ደግሞ ስሕተቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ በእነርሱ የተለካው ለአጠቃላይ ፕላን ቢበቃም፣ ቦታ ለሚመራበት ስፍራ ግን ቀያሾች በሚጠቀሙበት፣ እስከ ሴንቲ ሜትር ድረስ በሚለየው የጂኤንኤስኤስ መሣሪያ ይለካ። በመዝገቡ ላይ የነጥቡ ቁጥር፣ ቀኑ፣ ቀጠናውና ዳተሙ፣ የተገኙት ምስክሮች፣ የጉድጓዱ ፎቶግራፍና የመዝጋቢው ስም ይስፈሩ።

ምስክሮቹ እርስ በርስ የሚጋጩበት ነጥብ ሲገኝ መስመሩን በግምት ከመጎተት ይልቅ ነጥቡ "አጠራጣሪ" ተብሎ ተጽፎ በሁለተኛው ጉዞ ይመርመር። በካርታው ላይ የተረጋገጠው ጠርዝ በሙሉ መስመር፣ አጠራጣሪው በተቆራረጠ መስመር መሰመሩ የሥራውን ታማኝነት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

8ኛ ደረጃ፦ የጥበቃ ወሰኑን ማውጣት

ከጠርዙ ውጭ የሚተው ባዶ ቀለበት የሚያስፈልገው ከቤቶች የሚወጣው ፍሳሽና የሚታጠበው አፈር ወደ ጨፌው ከመድረሱ በፊት በሣር እንዲጣራ፣ ውሃውም በከባድ ክረምት ሲሰፋ ማረፊያ እንዲያገኝ ነው። ስፋቱ በሁሉም ስፍራ አንድ ሊሆን አይገባም፤ ዳገቱ በቆመበት፣ አፈሩ በተራቆተበትና የጉድጓድ መጸዳጃ ቤቶች በበዙበት በኩል ይስፋ፣ ለጥ ባለና በሣር በተሸፈነ በኩል ይጥበብ። ለንጽጽር ያህል ዩጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ደንብ ለታላላቅ ወንዞቿ ዳርቻ 100 ሜትር፣ ለሌሎቹ 30 ሜትር የጥበቃ ቀጠና ትጠይቃለች። ከሌላ አገር የተወሰደ ቁጥር ግን ለማነጻጸሪያ ብቻ ስለሚሆን፣ ቡድኑ በክልሉ ሕግና በከተማው ፕላን የተጻፈ ርቀት መኖር አለመኖሩን አስቀድሞ ይመርምር፤ ለመረጠው ስፋትም ምክንያቱን በጽሑፍ ያስፍር። ምክንያት ያልተጻፈለት ቁጥር በመጀመሪያው አቤቱታ ይወድቃል።

9ኛ ደረጃ፦ ወሰኑን ከፕላንና ከይዞታ ጋር ማገናዘብ

ሁለቱ መስመሮች በመዋቅራዊ ፕላኑ፣ በሽንሻኖውና በይዞታ መዝገቡ ላይ ሲነጠፉ አራት ዓይነት ስፍራዎች ይለያሉ፤ ያልተያዘ መሬት፣ ተሸንሽኖ ያልተገነባ ቦታ፣ የተገነባ ቤትና የአርሶ አደር ይዞታ። በያንዳንዱ ላይ የሚወሰደው እርምጃ የተለየ ስለሆነ ዝርዝሩ ለየብቻ ይዘጋጅ። ያልተያዘው ወዲያው ከሽንሻኖ ሊወጣ ይችላል፤ ያልተገነባው በምትክ ቦታ ሊታይ ይችላል፤ የተገነባውና የአርሶ አደሩ ይዞታ ግን በሕግ የተጠበቀ መብት ስላለባቸው፣ መልቀቅ ቢያስፈልግ እንኳ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት የሚለቀቅበትንና ካሣ የሚከፈልበትን አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መከተል ግድ ነው። መስመር በካርታ ላይ መሰመሩ ብቻውን የማንንም ይዞታ አይሽርም። በቀለበቱ አጠገብ መንገድ፣ ፋብሪካ ወይም የመኖሪያ መንደር ሲታቀድም በአዋጅ ቁጥር 295/1995 የተቋቋሙት የአካባቢ ጥበቃ አካላት በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ እንዲጠይቁ ካርታው በእጃቸው ይድረስ።

10ኛ ደረጃ፦ ማሳወቅ፣ ማጽደቅና መሬት ላይ ማኖር

ረቂቁ ካርታ ከመጽደቁ በፊት በማዘጋጃ ቤቱና በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተለጥፎ ለተወሰኑ ቀናት ለአስተያየት ክፍት ይሁን፤ ካርታ ማንበብ ለማይችሉም በችካሎቹ ላይ እየተዞረ ይታይላቸው። አቤቱታ የቀረበበት ነጥብ አቤት ባዩ ባለበት እንደገና ይቆፈር፤ ግራጫ አፈር በዓይኑ ያየ ሰው በቃል ከተነገረው ይልቅ ያምናልና። ከጸደቀ በኋላ በጥበቃ ወሰኑ ላይ ቁጥር ያላቸው የሲሚንቶ ምሰሶዎች አንዱ ከሌላው ሊታይ በሚችልበት ርቀት ይተከሉ። ምልክት እንዲሆን ዛፍ መትከል ቢፈለግ አገር በቀል ዛፍ ይመረጥ፤ ባሕር ዛፍ ብዙ ውሃ ስለሚስብ በጨፌ ዳርቻ አይተከል።

ካርታው በየጥቂት ዓመቱ፣ በተለይም መንገድ፣ የፍሳሽ ቦይ ወይም የመስኖ ግድብ የውሃውን አካሄድ ከለወጠ በኋላ ይከለስ። ክለሳው የሚነካው የተፈጥሮ ጠርዙን ሲሆን፣ የጥበቃ ወሰኑ የሚሻሻለው በጸደቀበት ሥርዓት ብቻ ነው፤ ያለዚያ አንድ ደረቅ ዓመት ጨፌውን ለማጥበብ ምክንያት ይሆናል።

ከእነዚህ ደረጃዎች መካከል የገንዘብ ወይም የጊዜ እጥረት ቢገጥም የድሮን ምስሉም ሆነ፣ ቦታ በማይመራበት ስፍራ፣ ውድ መሣሪያው ሊቀር ይችላል፤ ሊቀር የማይችለው የአፈሩ ጉድጓድ፣ የሁለቱ መስመሮች መለየትና የቅደም ተከተሉ መጠበቅ ነው። ቦታ ከተመራና ቤት ከቆመ በኋላ የሚሰመር ወሰን ካሣ፣ ክርክርና ማፍረስን ያስከትላል፤ ከሽንሻኖ በፊት የሚሰመረው ግን የጥቂት ሰዎችን ድካም ብቻ ይጠይቃል። ስለዚህ በኡኬም ሆነ በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች ይህ ሥራ በእጁ ያለ አንባቢ ለቀጣዩ ማስፋፊያ አንድም ችካል ከመተከሉ በፊት የጨፌውን ጠርዝ ያስለካ።